ገበጣው በአባባ ስልክ

እሑድ፣ ጳጉሜን 1

አላለቀስኩም ብዬ ልጽፍ ነበር። ለዚህ ደብተር መዋሸት ምን ይጠቅመኛል? አልቅሻለሁ፤ ያውም መጋዘን ውስጥ፣ ጣቃ ላይ ተደፍቼ።

ስምንት ወር ሙሉ የደከምኩበትን ገበጣ ዛሬ ከምሳ በኋላ ለአባባ አሳየኋቸው። ላፕቶፑን ሱቃችን ባንኮኒ ላይ ከአቡጀዲው አጠገብ ዘረጋሁት። ሰሌዳው የዋንዛ እንጨት ይመስላል፣ ጠጠሮቹ ያብረቀርቃሉ፣ ማሽኑ ራሱ ከሰው ጋር ይጫወታል። አባባ መነጽራቸውን አደረጉና አንድ ጉድጓድ መረጡ። ተራው የማሽኑ ሆነ፤ ማሰብ ጀመረ። አሰበ። አሰበ። አንዲት ሴት ገብታ ፖፕሊን አስለክታ፣ ተከራክራ፣ አስጠቅልላ ወጣች። ማሽኑ ገና ያስባል።

«ተኝቷል እንዴ?» አሉ አባባ።

«እያሰበ ነው።»

«ይሁን። ግን በዚህ ቅዳሜ ገበያ ላፕቶፕ ይዞ የሚዞር ማን አለ?» ከኪሳቸው ያቺን ባለ ቁልፍ ትንሽ ስልካቸውን አውጥተው ባንኮኒው ላይ አስቀመጡ። «ሰው ሁሉ የያዘው እንዲህ ያለውን ነው። በዚች ላይ አንድ ጨዋታ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ካጫወትሽኝ ሥራ ነው እላለሁ፤ ቀጥዪ። እስከ ዘመን መለወጫ ጊዜ አለሽ። ካልሆነ ቅዳሜ ማክሰኝት ትሄጃለሽ።»

ማክሰኝት ማለት የአጎቴ የሁሴን ጨርቅ ሱቅ ነው። አጎቴ ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው መቆም ከብዷቸዋል፣ የሚረዳቸው ሰው ይፈልጋሉ። ሱቅ አልጠላም፤ ያደግኩት ሱቅ ውስጥ ነው። እዚያ ከሄድኩ ግን ከጠዋት እስከ ማታ ባንኮኒ ሥር ነኝ፣ ላፕቶፑ ሳጥን ውስጥ ይቀራል፣ የማውቀውን ሁሉ ቀስ በቀስ እረሳዋለሁ። የምፈራው መርሳቱን ነው።

ጥፋቱ የኔ ነው። ደሳለኝ አብሮኝ ኮምፒውተር የተማረ የጭልጋ ልጅ ነው፣ ከኛ ሱቅ ሦስት በር አልፎ ስልክ ይጠግናል። ጨዋታውን አብረን ስንጀምር ጥር ላይ፣ «በጃቫ እንጻፈው፤ ትንንሾቹ ስልኮች የሚያውቁት እሱን ብቻ ነው» ብሎኝ ነበር። እኔ ሌላውን የፕሮግራም ቋንቋ፣ ፓይተንን ካልሆነ አልኩ። በፓይተን ሐሳቤን እንደመጣልኝ እጽፈዋለሁ፣ ይሠራል። ጃቫ ግን ለያንዳንዱ ነገር ስሙን ንገሪኝ፣ ዓይነቱን ንገሪኝ የሚል ነዝናዛ ነው ብዬ ሳቅሁበት።

ዛሬ ሄጄ የአባባን ቃል ስነግረው «አላልኩሽም?» አላለኝም። ዝም ብሎ መሳቢያውን ከፍቶ ለመሞከሪያ የሚሆን አሮጌ ስልክ ይፈልግ ጀመር። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

እማዬ ሻንጣዬን ከቁም ሳጥኑ ላይ አውርዳ አራግፋዋለች። በሩ ሥር ቆሟል። ስድስት ቀን አለኝ። ደግነቱ ዘንድሮ ጳጉሜን ስድስት ናት።

ሰኞ፣ ጳጉሜን 2

መጋዘኑን ያዝነው። ወንበር የለም፤ የከፈይ ጣቃ ላይ ተቀምጠናል። አባባ ካዩን ያልቅልናል።

ከፓይተኑ ወደ ጃቫ የሚሻገረው፦ የገበጣው ሕግ፣ ማሽኑ የሚያስብበት ክፍል፣ ሥዕሉ።
የማይሻገረው፦ የዋንዛው መልክ፣ ድምፁ፣ ጠጠሮቹ እየተንከባለሉ የሚወድቁበት ማሳመሪያ፣ ኩራቴ።

ሁሉንም ቆረጥኩ። ስልኳ ጠባብ ናት።

እስከ ረፋድ ጥሩ ሄድን፤ ከዚያ ተጣበቅን። ያቺ ስልክ ግማሽ የሚባል ነገር አታውቅም! እውነቴን ነው፤ አሮጌዎቹ ስልኮች የሚቀበሉት ሙሉ ቁጥር ብቻ ነው። የኔ ማሽን ደግሞ የትኛው ጉድጓድ እንደሚሻል የሚመዝነው በግማሽና በሩብ ነጥብ ነው። ፓይተን ላይ ይኼን አስቤውም አላውቅ፤ ጻፍኩት፣ ሠራ፣ አለፍኩ። ደሳለኝ ሚዛኑን ከሥሩ እንደገና እንሥራው አለኝ፤ ሚዛኑ ግን ብቻውን አንድ ወር ፈጅቶብኛል።

ከመጋረጃው ወዲያ አባባ ከደንበኛ ጋር ይነጋገራሉ። «ግማሽ ሜትር አትበዪኝ እቱ፣ ሃምሳ ሳንቲ በዪኝ። በግማሽ ሰው ይጣላል፤ በሳንቲ ማንም አይጣላም።»

እጄ ቆመ። ደሳለኝም ቀና አለ። ተያየን።

ሁሉንም በመቶ አበዛሁት። ግማሹ ሃምሳ፣ ሩቡ ሃያ አምስት ሆነ። ነጥብ የሚባል ነገር ጠፋ፣ ሚዛኑ ግን ያው ነው፤ አንድ ሰዓት እንኳ አልፈጀብንም። ይቺን ንግግር ከልጅነቴ ጀምሮ ሺህ ጊዜ ሰምቻታለሁ። አባባ ራሳቸው ምን እንዳደረጉልኝ አያውቁም።

ሌላ፦ ስልኳ የአማርኛ ፊደል ስትጽፍ ባዶ ሳጥን ነው የምታሳየው። ስለዚህ ያለችንን አንዲት ጽሑፍ እንደ ሥዕል ሳልናት። ደሳለኝ «ተራህ ነው» ብሎ ስሎ አመጣልኝ። አጠፋሁበት። አባባን አንተ የሚል ስልክ ቤታችን አይገባም። «ተራዎ ነው» አልነው።

ማክሰኞ፣ ጳጉሜን 3

ሩፋኤል ነው። ጠዋት ዝናቡ ሲወርድ ደሳለኝ ሥራውን ጥሎ ወጣና መንገዱ መሐል ቆመ። ከጎረቤት ሱቅም እንዲሁ እየወጡ ተጠመቁበት። ልብሱ ውኃ እያንጠባጠበ ተመለሰ።

«ከጨርቁ ራቅ!» ጮህኩበት።

«ጸበል እኮ ነው። ላፕቶፑንም ትንሽ ረጨት ብናደርገው?»

ሳቅን። ከእሑድ ወዲህ ስስቅ የመጀመሪያዬ ነው።

አሁን ዋናውን ልጻፍ። ስምንት ሰዓት ላይ የማሽኑን ማሰቢያ ጽፈን ጨረስን። ለመሞከር እሑድ ዕለት አባባ ፊት ያዋረደኝን ያንኑ ሰሌዳ ሰጠሁት፤ ጠጠሮቹ በዚያው ጉድጓድ፣ ተራውም የማሽኑ። ቁልፉን ተጫንኩ።

መለሰ።

አልጠበቅኩም። ዓይኔን እንኳ አልጨፈንኩም። ተሳስቷል ብዬ ከፓይተኑ ጋር አስተያየሁት፤ የመረጠው ጉድጓድ አንድ ነው። ደገምኩት። ደሳለኝ ደገመው። ያው መልስ፣ ያችው ቅጽበት። ያ ሴትዮዋ ጨርቅ አስለክታ እስክትወጣ ድረስ የፈጀው ሐሳብ!

አንድም ነገር አልጨመርኩበትም። ያው ሕግ፣ ያው ሚዛን፣ ያችው የኔ ጭንቅላት ያመጣችው መንገድ። የተለወጠው የተጻፈበት ቋንቋ ብቻ ነው። ስምንት ወር ማሽኑ ቀርፋፋ ነው እያልኩ ሳማው ከርሜአለሁ፤ ያዘገየሁት ግን እኔ ነኝ። ማፈር ነበረብኝ፣ አፍሬአለሁም። ግን ከሐፍረቱ ይልቅ አንድ ሌላ ነገር ደረቴን ሞላው። ምን እንደምለው አላውቅም፤ ልጅ ሆኜ መጀመሪያ ከደባርቅ ወደ ሊማሊሞ ቁልቁለት ስመለከት ተሰምቶኝ ነበር።

ከዚያ ሁሉንም ጠቅልለን መሞከሪያ ስልኩ ላይ ጫንነው። ጠቅላላው ጨዋታ ደሳለኝ በካሜራው ካነሳው አንድ ፎቶ ያንሳል። ስልኩ ላፕቶፑን ያህል ባይፈጥንም አንድ ትንፋሽ ቢፈጅበት ነው። መዳፌ ላይ አድርጌ ዝም ብዬ አየሁት። አንድ የሚያስብ ነገር መዳፌ ላይ ነበር።

ረቡዕ፣ ጳጉሜን 4

ለፈተና አያ ታከለን ጠራናቸው። የሱቆቻችን ዘበኛ ናቸው፣ የሳንጃ ሰው፤ በገበጣ የሚችላቸው የለም። በረንዳው ሥር ድንጋይ ላይ የተፈለፈለ ገበጣ አላቸው። ከደሳለኝ ሱቅ እስከኛ ያለው ሰው ሁሉ እየመጣ ይሸነፋል።

ስልኩን ሰጠናቸው። አንድ ጉድጓድ መረጡ። ማሽኑ በቅጽበት መለሰ። ሌላ መረጡ። መለሰ። እኔና ደሳለኝ እስኪደነቁልን ጠበቅን።

ስልኩን ድንጋዩ ላይ አስቀመጡት።

«ምነው እጁን አያሳየኝም?»

«የማን እጅ አያ ታከለ?»

«የዚህ የማይታየው ሰውዬ። ሰው ሲጫወት መዳፉን ዘርግቶ፣ ጠጠሩን አንድ ባንድ እያየሁት ነው የሚዘራው። ይኼ ጨበጠ፣ አፈሰሰ፣ ጨረሰ። ዘርቶ ይሁን ሰርቆ በምን አውቃለሁ? እንዲህ ካለ ሰው ጋራ እኔ አልቀመጥም።» ተነሥተው ሄዱ። ከምራቸው ተቀይመዋል።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ። ፓይተኑ ላይ እኮ ጠጠሮቹ አንድ ባንድ ይወድቁ ነበር! ሰኞ ዕለት ማሳመሪያ ነው ብዬ የቆረጥኩት እኔው ነኝ። ገበጣ ስንጫወት መዳፍ ተዘርግቶ እንደሚዘራ የማያውቅ የጎንደር ሰው የለም፤ እኔም አውቃለሁ። ስልክ ላይ ሲሆን ነው የረሳሁት። ፍጥነቱ አስክሮኝ ነበር።

ከሰዓት መልሰን ጻፍነው። አሁን ጠጠር ሲወድቅ ይታያል፣ «ቀጭ» ይላል፣ ትንሽ ቆሞ ቀጣዩ ይወድቃል።

«እንግዲህ» አለ ደሳለኝ፣ «ያን ሁሉ ቋንቋ የለወጥነው እንዲፈጥን፣ ከዚያ ደግሞ እንዲዘገይ።»

«ሲያስብ ይፍጠን፣ ሲዘራ ይዘግይ» አልኩት። አሁን ስጽፈው ትልቅ ነገር የተናገርኩ ይመስላል።

አሥር ሰዓት ላይ አያ ታከለን ለምኜ መለስኳቸው። የመጀመሪያውን ጠጠር ሲያዩ አገጫቸውን ነቀነቁ። ተጫወቱ። መሐል ላይ ማሽኑ አንድ ጉድጓድ አነሣ። በኛ አጨዋወት የመጨረሻው ጠጠር ያለበት ጉድጓድ ላይ ከወደቀ፣ የዚያን አንሥቶ መቀጠል ነው፤ ባዶ ላይ ሲወድቅ ነው የሚቆመው። ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ። አልቆመም። ዞረ። አነሣ። ዞረ። አያ ታከለ በከንፈራቸው ይቆጥሩ ጀመር። ደሳለኝ ተበላሽቷል ብሎ ስልኩን ሊቀበላቸው እጁን ሲዘረጋ በክርናቸው ገፉት። አላፊ አግዳሚው ቆመ። ሰሌዳውን ስንት ጊዜ እንደዞረ እኔ ስቼዋለሁ፤ እሳቸው አልሳቱም። በመጨረሻ ባዶ ጉድጓድ ላይ ወደቀና ቆመ።

«ትክክል ነው» አሉ አያ ታከለ። «አንዲት አላጎደለም። እንዲህ ያለ አዘራር አባቴ ሲዘሩ አይቻለሁ፣ ሳንጃ፣ ልጅ ሆኜ። በዕድሜዬ እሱኑ አንዴ ነው ያየሁት።» ስልኩን ባርኔጣቸው ውስጥ አድርገው በሁለት እጃቸው መለሱልኝ። «ሸጋ ነው።»

አሁን ድረስ ጆሮዬ ውስጥ ቀጭ ቀጭ ይላል።

ሐሙስ፣ ጳጉሜን 5

ክፉ ቀን።

አባባ ስልካቸውን ለአንድ ሰዓት አበደሩን፤ ነገ ከማፈር ዛሬ ልሞክረው ብዬ ነው። የሳቸው ከመሞከሪያው ስልክ ያረጀ ነው። ተከፈተ፣ ሰሌዳው ታየ፣ «ተራዎ ነው» አለ፤ ጨዋታው መሐል ላይ ሲደርስ ድርግም ብሎ ተዘጋ። እንደገና፤ ተዘጋ። አምስት ጊዜ። ስልኩ ቦታ ሞልቶበት ነው።

ደሳለኝ የጻፍኩትን መስመር በመስመር አነበበና፣ «ፈቲያ፣ አትቀየሚኝ። ይኼ በጃቫ ቃላት የተጻፈ ፓይተን ነው» አለኝ።

ተቀየምኩ። ከዚያ አየሁት። ማሽኑ ከማሰቡ በፊት ሊመጡ የሚችሉትን ሰሌዳዎች ሁሉ አንድ ባንድ ቀድቶ ይደረድራል፣ ከዚያ ነው የሚመዝነው። ላፕቶፕ ላይ ቦታ ስለማይጨንቀኝ እንዲህ ማሰብ ለምጄአለሁ። ቋንቋውን ለወጥኩ እንጂ ልማዴን ይዤ ነው የተሻገርኩት።

በረንዳው ላይ ተቀመጥኩ። አያ ታከለ ከአንድ ሰው ጋር ይጫወታሉ። እሳቸው ጋ የተነካ ጉድጓድ እንደተጫወቱበት ይቆጠራል፤ መልሶ ማስቀመጥ ነውር ነው። ስለዚህ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ለረጅም ጊዜ ያያሉ።

«አያ ታከለ፣ ሳይነኩ ወደፊቱን እንዴት ነው የሚያዩት?»

«እንዴት ማለት? በዓይኔ እሄዳለሁ። ካልጣመኝ በዓይኔ እመለሳለሁ። ከዚያ በሌላው እሄዳለሁ።»

«የሄዱበት ሁሉ አይደበላለቅብዎትም?»

«ምን ይዤ እደበላልቃለሁ ልጄ? ገበጣው አንድ ነው። ይቺ ትሻላለች ያልኳትን ብቻ ነው የምይዝ።»

ሮጥኩ። ጫማዬን እንኳ በቅጡ አላጠለቅኩም። ደሳለኝን «አንድ ሰሌዳ! ሄዶ መመለስ! የተሻለውን ብቻ መያዝ!» አልኩት። አበደች ብሎ አየኝ፤ ከዚያ ገባው።

ግማሹን እንደጻፍን አሥራ አንድ ሰዓት ላይ መብራት ሄደ። የላፕቶፑ ባትሪ ደግሞ ከሞተ ሰንብቷል። የቀረውን ቤታችን በር ሥር ቁጭ ብዬ፣ እስኪጨልም ድረስ በመጠቅለያ ወረቀት ላይ በእስክሪብቶ ጻፍኩት። ሻንጣው አጠገቤ ነበር፤ ተደገፍኩበት። ነገ የመጨረሻው ቀን ነው።

ዓርብ፣ ጳጉሜን 6

መብራት ጠዋት መጣ፣ አልሐምዱሊላህ። ከወረቀቱ ላይ ገለበጥኩት። ሁለት ቦታ የራሴ ጽሕፈት አልነበብ ብሎኝ ደሳለኝ አነበበልኝ።

አባባ ለጁምዓ ሲሄዱ ስልካቸውን ሱቅ ነው የሚተውት። ጨዋታውን በብሉቱዝ ላክንበት። ደሳለኝ ተጫወተ፣ አልተዘጋም። እኔ ተጫወትኩ፣ አልተዘጋም። ሁለታችንንም አሸነፈን። አባባ ሲመለሱ ስልኩ ባንኮኒው ላይ፣ ልክ ትተውት የሄዱበት ቦታ ነበር፤ እኛ ደግሞ ጨርቅ እያጣጠፍን ነበር። ደሳለኝ ሦስት ጊዜ ያጠፈውን ነው መልሶ የሚያጥፈው።

«እህስ?» አሉ።

«ይኸው አባባ።»

ተቀመጡ። መነጽር አደረጉ። አንድ ደንበኛ ገባ፤ በእጃቸው ቆይ አሉት። ቀጭ፣ ቀጭ። አሥረኛው ተራ ላይ ደረሱ፤ ትናንት እዚህ ግድም ነበር የሚዘጋው። አልተዘጋም። ደንበኛው አንገቱን አስግጎ ያይ ጀመር። «የግራውን ሐጂ፣ የግራውን» አላቸው። «ዝም በል» አሉት።

ተሸነፉ። በሁለት ጠጠር ብቻ። ስልኩን ገልብጠው ጀርባውን አዩ።

«ይኼን ማን አስተማረው?»

«እኔና ደሳለኝ።»

«አንቺ ገበጣ አትችዪም።»

«አልችልም።» ታላቅ እህቴ እንኳ ዓይኗን ጨፍና ታሸንፈኛለች።

«ታዲያ የማታውቂውን እንዴት አስተማርሽው?»

«ሕጉንና እንዴት እንደሚያይ ብቻ ነው የነገርነው። በዓይኑ ሄዶ በዓይኑ ይመለሳል። የሚያገኘውን ራሱ ነው የሚያገኘው።»

«ሱብሐነላህ» አሉ፤ ለኔ ሳይሆን ለስልኩ። ደግመው አሉት። እኔም በዚያች ሰዓት እንደ አዲስ ገረመኝ። ከኔ እጅ ወጥቶ እኔ የማላውቀውን ያውቃል።

ከዚያ ስልኩን ኪሳቸው ከተው ለደንበኛው ጨርቅ መለካት ጀመሩ። ስለ ማክሰኝት አንድም ቃል አላነሡም። እራት ላይም አላነሡም። እኔም አልጠየቅኩም። ሻንጣው በሩ ሥር ነው፤ እማዬ ዛሬ ሁለት ቀሚስና ፎጣ ጨምራበታለች።

ቅዳሜ፣ መስከረም 1

ስነሣ አባባ የሉም።

«በመጀመሪያው ሚኒባስ ማክሰኝት ሄዱ» አለችኝ እማዬ። «ብቻቸውን።»

«ምን ብለው?»

«ምንም። ስልኩን ቻርጅ አድርጌ ስሰጣቸው ብቻ ጠንቀቅ በዪ አሉኝ።»

ልጆች በር ላይ እየዘፈኑ አበባ ሰጡን። ደሳለኝ ነጭ ልብስ ለብሶ እንኳን አደረሳችሁ ሊል መጣ፤ ከተቀመጠበት አልተነሣም። ይደወል እንደሆነ ከኔ ቀድሞ ስልኬን እያየ ነው። አራት ሰዓት ሆነ። አምስት ሰዓት ሆነ። ክፍል ሊከራዩልኝ ነው የሄዱት ብዬ አሰብኩ። ከዚያ ደግሞ፣ ለኔስ ቢሆን ሻንጣውን ጥለው ለምን ይሄዳሉ ብዬ አሰብኩ።

ስድስት ሰዓት ሲሆን ተደወለ። አጎቴ ሁሴን ናቸው።

«ፈቲያ! ይቺ ስልክ ሁለቴ አሸነፈችኝ። አታጭበረብርም?»

«አታጭበረብርም አጎቴ። እጇን እያሳየች ነው የምትዘራው።»

«እሱንስ እያየሁት ነው። ቆይ፣ ተራዬ ነው…» ድምፃቸው ራቀ። ከኋላ ቀጭ፣ ቀጭ ይላል። ማክሰኝት ላይ። የኔ ጠጠር ማክሰኝት ላይ ሲወድቅ እዚህ ጎንደር ሆኜ ሰማሁት።

አባባ ስልኩን ተቀበሉ።

«ሰማሽኝ? ለሱቁ የጎረቤት ልጅ ይዘንለታል፣ ከሰኞ ይጀምራል። እኔ ማታ እመጣለሁ።»

ስልኩን ጆሮዬ ላይ እንደያዝኩ ወደ ሻንጣው ዞርኩ።

«አንቺ ልጅ፣ አለሽ? ሻንጣሽን ፍቺው። ልብሱ ይጨማደዳል።»